ጎንደር ደርሳ የምትመለስ ልጅ

ውሸታም አይደለሁም፤ አጋናኝ ነኝ። ልዩነቱን ለማስረዳት ሃያ ዓመት ሙሉ ሞክሬ፣ ሚስቴን ጨምሮ አንድ ሰው እንኳ አልተቀበለኝም። ውሸታም የሌለውን ይናገራል። እኔ የምናገረው ያለውን ነው፣ ትንሽ ውኃ አጠጥቼ፣ ትንሽ ኮትኩቼ። ጣና ላይ ክንድ ተኩል የሚሆን አምባዛ ያየሁ እንደሆነ፣ ሹም አቦ ሰፈራችን እስክደርስ ዓሣው ጀልባ ያህላል፤ ቤቴ ስገባ አንድ ጉማሬ ውጦ ሁለተኛውን እያሳደደ ነው። የፋብሪካ ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ የነገርኋቸውን ሁሉ ለአሥር እያካፈሉ ይሰማሉ። ጉዱ ማካፈል የማያውቅ ሰው ሲገጥመኝ ነው።

የልጄ የልብ ሐኪም ማካፈል አያውቅም ነበር።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋን ሲያማት፣ ሲሻላት፣ ደግሞ ሲያማት ከረመና ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። በመጨረሻ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ሐኪም ዝም ሲል ደግ አይደለም። ከልቧ በሮች አንዱ አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ እንደሚመልስ ነገረን። በየወሩ መርፌ እንድትወጋ አዘዘ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ጠየቀን፦

«ሳትደክም ምን ያህል ትሄዳለች?»

«እሷ?» አልሁ። «ኧረ ዶክተር! እሷን ከለቀቋት ጎንደር ደርሳ ለቁርስ ትመለሳለች።»

ነርሷ ሳቀች። ልጄ እግሮቿን ከአልጋው ላይ እያወዛወዘች ከሁሉም በላይ ሳቀች። ሐኪሙም ፈገግ እንዳለ ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ሚስቴ ብቻ አልሳቀችም። የተጻፈውን አላየሁም። ሰው ሲስቅልኝ ሌላ ነገር አይታየኝም።

እንዲያ ያልሁት ለቀልድ ብቻም አይደለም። በእኛ አገር «እንዴት ናት?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ነው። ሰው ሞቶበት ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሐዘንተኛ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ተመስገን» ይላል። ሌላው ሁሉ ማማረር ነው። የሐኪሙን ጥያቄ እንደ ሰላምታ መለስሁት። ሰላምታ ደግሞ ካርድ ላይ ይጻፋል ብዬ በምን አባቴ ልጠርጥር?

ሁለት ዓመት አለፈ። መርፌው በየወሩ ተወጋ። ልጄ አሥራ አንድ ሞላት፤ ቁመቷ ጨመረ፣ ጉንጯ ጎደለ። ዘንድሮ ከዝናሙ ማብቃት በኋላ ለክትትል ስንሄድ ሐኪሙ የልቧን ምስል በማሽኑ አየና ወንበሩን ወደ እኛ ሳበ።

«ከውጭ የሚመጡ የልብ ቀዶ ሐኪሞች አሉ» አለን። «አዲስ አበባ ነው የሚሠሩት። ሁሉንም አይደርሱም፤ ከየቦታው የሚላክላቸውን ካርድ አይተው ይመርጣሉ። ገና ደህና ነው ያሉትን ‹ይጠብቅ› ይላሉ። በጣም የተጎዳውን ደግሞ ‹ቀዶውን አይችለውም› ብለው ይተዉታል። የሚወስዱት መካከል ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ የምጽፈው ልክ መሆን አለበት።»

ኮሪደሩ ላይ አስሄዳት። እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብላ ሄዳ ተመለሰች።

«ደከመሽ?»

«ኧረ ምንም!»

ሐኪሙ ምስሉን አየ፤ ልጄን አየ። እሷን ከነርሷ ጋር ወደ ውጭ ልኮ በሩን ዘጋ። «ምስሉና ልጅቷ አልተስማሙልኝም» አለ። «ሳታውቅ እዩልኝ። ዳገት ስትወጣ፣ ስትጫወት። ስንት እርምጃ ሄዳ ነው የምትቆመው? እሱን ነው የምፈልገው። እንዳታስገድዷት፤ ከቆመች ይብቃት። ማክሰኞ ንገሩኝ።»

አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ። «እሺ ዶክተር፤ ለክተን እንነግርዎታለን።»

ሚስቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ለክተን ካለች ለክተን ነው።

ችግሩ ባሕር ዳር ዳገት የላትም። እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ልጃችን ደግሞ ትምህርት ቤት የምትሄደው በባጃጅ ነው። ቤት ውስጥ የምትወጣው ትልቁ ዳገት የሳሎኑ ደፍ ነው። ታዲያ ሚስቴ ያን ቀን ማታ ድስት እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ዘጌ እንውሰዳት» አለች።

ዘጌ መሄድ ለእኛ ከተማ ሰው እንደ ልጆች ጨዋታ ነው። በጀልባ ተሻግሮ፣ በጫካው ጥላ ለጥላ ወደ ገዳሙ መውጣት፣ ጦጣ ማየት፣ ዳቦ መብላት፣ መመለስ። አራስ ልጅ ታዝሎም በምርኩዝም ይወጣል። በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ዛፉ እንዳለ አለ፤ ከላይ ዋንዛውና ዶቅማው፣ ከሥር ቡናው። እግሩ ጤነኛ ለሆነ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ሳወራው ሁለት እርምጃ ነው።

«ሽርሽር ነው የምንላት» አለች ሚስቴ። «ፈተና መሆኑን ካወቀች እንደ ኮሪደሩ ትሆንብናለች። አንተ እንደ ሁልጊዜህ ቀልድ። እኔ እቆጥራለሁ።»

«በምን ትቆጥሪያለሽ? አፍሽ ሲንቀሳቀስ ታይሻለች።»

ከግድግዳው ላይ መቁጠሪያዋን አውርዳ አሳየችኝ። «አንድ ፍሬ ለአሥር እርምጃ። የምጸልይ ነው የሚመስላት።»

«ፈጣሪስ ምን ይመስለዋል?»

«እሱ ያውቃል» አለችና መብራቱን አጠፋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ያዝን። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባው ጢም ብሎ በፈረንጅና በሙሽራ ይሞላ ነበር፤ ያን ቀን እኛ ሦስት፣ ሁለት መነኮሳይት፣ አንድ ኩንታል ሽንኩርት። ጀልባ ነጂው ራሱ ያዘነ ይመስላል። ሐይቁ እንደ ብረት ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። ልጄ ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ነፋሱ ፊቷን ሲመታው ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። «በረደሽ?» አልኋት። «አዎ» አለች። በረዳት ብዬ ፎጣ አለበስኋት። ከንፈሯ ግን ነፋስ ሳይኖርም እንደዚያው መሆኑን ያስተዋለችው እናቷ ናት፤ በኋላ ነገረችኝ።

ከወደቡ ወጥተን ጫካው ውስጥ ገባን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የድሮው የመሸጫ ዳሶች ባዶአቸውን ቆመዋል፤ እንጨታቸው ላይ ሸረሪት አድርቷል። አንዲት ሴትዮ ብቻ የደንገል ታንኳ በመዳፍ ልክ ሠርታ ዘርግታለች። ማንም እንደማይገዛት እያወቀች ተነሥታ አራገፈችልን። ሚስቴ መቁጠሪያዋን ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

«እማዬ፣ ጀመርሽ?» አለች ልጄ።

«ምኑን?» አለች ሚስቴ ደንግጣ።

«ጸሎት።»

«አዎ። ጀመርሁ።»

መንገዱ መጀመሪያ ሜዳ ነው። ልጄ ከፊት፣ እኔ ከጎኗ፣ ሚስቴ ከኋላ። ቅጠሉ እግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጦጣዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ይከተሉናል። ትንሽ እንደሄድን ልጄ እጄን ያዘችና ቆመች።

«አባዬ፣ የአያትህን የዘንዶውን ንገረኝ።»

ይህን መስማት ለእኔ ደመወዝ ነው! ተረት በእግር እየሄድሁ ማውራት አልችልም፤ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል፣ አንዳንዴም እግሬ። ስለዚህ ቆምሁ። አያቴ እዚሁ ጫካ ቡና ሲለቅም ግንድ መስሎት ዘንዶ ላይ ተቀምጦ በሶውን እንደበላ፣ በልቶ ጨርሶ ቀና ቢል ግንዱ መሸንቲ አድርሶት ገበያ መካከል ራሱን እንዳገኘው፣ ሰዉም «በምን መጣህ?» ሲለው «በግንድ» እንዳለ፣ እየተወራጨሁ ነገርኋት። ዛፉን ተደግፋ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። እንዲህ የምትስቅ ልጅ ታማለች የሚል ካለ ይምጣና ይያት አልሁ በልቤ። ወደ ሚስቴ ዞሬ በዓይኔ «አየሽ?» አልኋት። እሷ መቁጠሪያዋን ታያለች።

እንደገና ሄድን። መንገዱ ትንሽ ቀና ማለት ጀመረ።

ከላይ ሦስት ሴቶች ሽንኩርት የሚያክል ድንጋይ የሌለበትን ቦታ እየመረጡ ይወርዳሉ። «በርቱ! ደርሳችኋል!» አሉን። ገና ወደቡ ከኋላችን ይታያል። የአገራችን መንገድ ሥርዓት ይህ ነው፤ የሚወርድ ሰው ለሚወጣው ሰው «ደርሰሃል» ይላል። ተራራው ግርጌ ላይ ብታገኘውም «ደርሰሃል» ነው። «ገና ነህ» ማለት ነውር ነው፤ ወገብ መስበር ነው። እኔ አጋናኝ ከሆንሁ አገሩ በሙሉ አጋናኝ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ለማጽናናት፣ እኔ ለመሳቅ።

ከሴቶቹ አንዷ ሚስቴን አይታ «ጸሎትሽን ይስማሽ እህቴ» አለቻት። «አሜን» አለች ሚስቴ፤ ከዚያ ተደናግጣ አንድ ፍሬ መልሳ ቆጠረች።

«አባዬ፣ የዘንዘልማዋን ትንኝስ?»

ቆምሁ። የዘንዘልማ ትንኝ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነክሳ፣ ጠግባ መብረር ሲያቅታት ባጃጅ ኮንትራት ይዛ ቤቷ እንደገባች ነገርኋት። ሳቀች። ደረቷን ይዛ ሳቀች፤ ረጅም ሳቅ፤ ሳቁ አልቆ እንኳ ትንሽ ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ የጉማሬውን ጠየቀችኝ። ከዚያ የአምባዛውን። ከዚያ የፋብሪካውን ዘበኛ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ የተከበርሁበት ቀን የለም። ዳገቱ ላይ፣ ዝናብ አጥቦት ሥሩ የወጣ ዋንዛ አጠገብ፣ አምስተኛውን ተረት ልጀምር እጄን ሳነሣ ሚስቴ ክንዴን ያዘችው።

«አንዴ ና» አለችኝ። ለልጃችን «አንቺ እዚያው ቆዪ፤ አባትሽ ጀርባዬ ላይ ጉንዳን መኖር አለመኖሩን ይይልኝ» አለቻት። ወደ ኋላ ጥቂት ወሰደችኝ።

«አልገባህም?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«የመጀመሪያውን ተረት የጠየቀችህ መቶ አርባ እርምጃ ላይ ነው። ሁለተኛውን ዘጠና ሄዳ። ከዚያ ስድሳ። ከዚያ አርባ። አሁን ሃያ ስምንት።» መቁጠሪያውን ጨምድዳ ይዛዋለች። «አንተ ቆመህ ስታወራ እሷም ትቆማለች። ጎንበስ ብላ ስትስቅ ትተነፍሳለች። እየሳቀች እኮ አይደለም፣ አንተ ሰውዬ! ሁሉም ሳቅ ሳቅ አይደለም።»

ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሰባ ማሽን እየጮኸ አንዷ ስታቃስት ቆሜ «እሷ ናት» እላለሁ፤ በዚህ እንኳ አጋንኜ አላውቅም፣ አያስፈልገኝምና። የልጄን ሳቅ ግን ሁለት ዓመት ሰምቼ ማሽኑ ደህና ነው ብያለሁ።

«ምን ላድርግ?» አልሁ።

«ዝም በል። አንዴ ብቻ ዝም በል። እውነተኛውን እንየው።»

ተመለስን። ልጄ ዋንዛውን ተደግፋ ጠበቀችን። መሄድ ጀመርን። አሥር እርምጃ። አሥራ ስምንት።

«አባዬ፣ የዚያን የዝንጀሮውን ንገረኝ።»

«አለቀብኝ» አልሁ።

ዞራ አየችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምታ አታውቅም። መንገዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች። ሦስት እርምጃ፣ አራት። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች። ያደረገችው ማሰሪያ የሌለው የላስቲክ ጫማ ነው። ጣቶቿ ባዶ ላይ ሲቋጥሩ ቆሜ አየሁ። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ከቆዳዋ ሊወጣ የደረሰ ይመስል ይዘላል።

«አባዬ» አለች ቀና ሳትል። «አንድ ብቻ። አጭሯን።»

በሕይወቴ ብዙ ክፉ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ደቂቃ ዝምታዬ ግን የከፋ የለም። ሚስቴ ፊቷን አዙራለች። ጦጣዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ጦጣዎቹስ ይጮሁ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ከላይ ወረዱ። ልጄ አየቻቸውና፣ ሥርዓት ነውና፣ ተነሥታ ቆመች። ከእግሯ ይልቅ በእጆቿ ጉልበቷን እየገፋች ነው የተነሣችው። መስቀል ተሳለመች።

«ይባርክሽ ልጄ። በርቺ፣ ደርሰሻል፣ እዚህችው ናት!» አሉ። «እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አባ» አለች። ቃሉን በሦስት ትንፋሽ ከፋፍላ አለችው።

ያኔ አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ። «ደህና አይደለችም አባ» አልሁ። «ልቧ ታሟል። ከዋንዛው እስከዚህ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ ከዚህ በላይ አልቻለችም።»

ልጄ እንደ ሰደብኋት አየችኝ። ቄሱ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው መሬት ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጡ። «በይ ተቀመጪ። ለእኔ አትቁሚ።» እሷ ስትቀመጥ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ወደ ላይ ጠቆሙ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ገና ነሽ። ዋናው ዳገት የሚጀምረው ከዚያ መታጠፊያ በኋላ ነው። እኔም አራት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣው። ለሰው ግን ‹ደርሰሃል› እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ይውረዱ ልጄ። ገዳሙ የትም አይሄድም። ሲሻላት ትመጣለች።»

ሲሻላት ያሉት ደግሞ ለማጽናናት ነው። ሦስታችንም አውቀነዋል።

አዝያት ወረድሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከብዳኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልከበደችኝም። ደረቷ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፤ ልቧ በሸሚዜ አልፎ ይመታኛል፤ አንድ ምት፣ ከዚያ የሚንሸራተት ነገር፣ ከዚያ ሁለት ምት በአንዴ። ሚስቴ ከፊት ትሄዳለች። መቁጠሪያውን አንገቷ ላይ መልሳዋለች፤ መቁጠር አቁማለች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ሆዴ?» አልኋት።

 ጆሮዬ ሥር ትተነፍሳለች።

«ጎንደር ደርሳ ትመለሳለች ብለሃላ» አለች። «ለዶክተሩም፣ ለፋብሪካ ጓደኞችህም፣ ለጎረቤትም፣ ለአስተማሪዬም። ውሸታም እንዳይሉህ።»

የደንገል ታንኳ የምትሸጠዋ ሴትዮ ልጄን ጀርባዬ ላይ ስታይ «እሰይ፣ ስትጫወቱ!» አለች። አልፌያት ወደ ጀልባው ወረድሁ። ጀልባው ላይ ልጄ እናቷ ጭን ላይ ተኛች። እስክንሻገር ድረስ ሚስቴና እኔ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ እውነት ለመናገር እስከ ማክሰኞም ከ«ጨው አቀብይኝ» ያለፈ አልተነጋገርንም።

ማክሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ሚስቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ገጠመች፤ አንተ ተናገር ማለቷ ነው።

«ሜዳ ላይ መቶ አርባ እርምጃ» አልሁ። «ዳገት ላይ ሃያ ሁለት። ከዚያ ትቆማለች። ትንፋሽ እንዳያጥራት በሁለት ትራስ ነው የምትተኛው፤ ካለፈው ወር ወዲህ ሦስተኛውን ከእኛ አልጋ እየወሰደች ነው። የወሰደችው እንዳናውቅ ጠዋት ጠዋት ትመልሰዋለች።» ሦስተኛውን ትራስ እሑድ ሌሊት ነው ያየሁት፤ የቀረውን ራሷ ነገረችኝ። ማየት ከጀመርህ ሁሉም ይታያል።

ሐኪሙ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ካርዱን ወደ ኋላ ገለጠ፤ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አቆመ።

«ያኔ ሌላ ነበር ያሉኝ» አለ።

«ምን ይላል?»

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። «አባት እንደሚሉት፣ ረጅም መንገድ ያለ ድካም ትሄዳለች።» ያን ሁሉ ሳቅ፣ ጎንደሩን፣ ቁርሱን፣ የእግሯን መወዛወዝ እንግሊዝኛው አራግፎ ጥሎት፣ የቀረው ይህ ነው። ያለ ቀልዱ ሲነበብ ውሸት ብቻ ነበር።

«እነዚያ ሐኪሞች አምና መጥተው ነበር?» አለች ሚስቴ። የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«መጥተዋል።»

«ካርዷ ተልኮላቸው ነበር?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ተልኳል። ‹ምልክት የለባትም፣ ትጠብቅ› ብለው መልሰውታል።»

ሚስቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ቢያንስ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘችው።

«ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይወስዷት ነበር?» አልሁ።

«እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የለኝም» አለ። ደግ ሰው ነው። «አሁን አዲሱን እልካለሁ። ግን የልቧ በር ካምናው ብሷል። ከዚህ በላይ ሳትጎዳ መድረስ አለባቸው። የሚመጡበት ቀን ገና አልታወቀም፤ መንገዱም እንደምታውቁት ሲከፈት ሲዘጋ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ለነርሷ እየደወላችሁ ልኳን ንገሩልኝ። እዚህ መምጣት አያስፈልጋትም፤ ትረፍ። ትክክለኛውን ብቻ።»

«ትክክለኛውን ብቻ» አልሁ እኔም፣ እንደ ተማሪ።

አሁን ትምህርት ቤት አትሄድም። እናቷ ማታ ማታ ታስተምራታለች። የፋብሪካ ባልደረቦቼ «ልጅህ እንዴት ናት?» ሲሉኝ የእርምጃዋን ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ምን እንደሚሉ ግራ ይገባቸዋል፤ አንዱማ «ተመስገን በል እንጂ ወንድሜ፣ ምን ነካህ!» ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ። ሌላው ደግሞ እንደ ልማዱ ለአሥር አካፍሎ፣ ነገሩ ያን ያህል አይከፋም ብሎ ተጽናና። እኔ ላርመው አልቻልሁም። ይህኛውን አላጋነንሁትም ብለው አያምነኝ፤ ምን ላድርገው?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ እስከ ግቢው ቧንቧ ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርሁ። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ስልኩን አንሥቼ ደወልሁ።

«እንዴት ናት?» አለች ነርሷ።

«እግዚአብሔር ይ...» ብዬ ጀመርሁ፤ አፍ ልማዱን አይተውም። ዋጥሁት። «አሥራ ዘጠኝ» አልሁ። «ሜዳ ላይ።»

ስልኩን ስዘጋ ልጄ ትራሶቿ ላይ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ስንት አልሃቸው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ሃያ ነው» አለች። «እኔም ቆጥሬያለሁ። ሃያ ነው አባዬ።»

«አሥራ ዘጠኝ ነው። የመጨረሻዋን ግድግዳውን ተደግፈሽ ነው።»

«አንዷን ብትጨምርልኝ ምን አለበት?»

«አልችልም።»

«ለሁሉ ሰው ትጨምራለህ!»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። እጇን ልይዝ ሞከርሁ፤ ነጠቀችኝ። በሦስቱም ትራስ ላይ እንደተደገፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዳላያት ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበችው፤ ብርድ ልብሱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፈጥኖ ፈጥኖ። ተቀምጬ አየሁት።